ኢንተርኔት አቅራቢው አንድ ብቻ ሲሆን፦ ወጪ የመቀነሻና የከፈሉበትን ፍጥነት የማስከበሪያ መመሪያ

በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «እኛ ሰፈር ያለው ኢንተርኔት አቅራቢ አንድ ብቻ ነው። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ይንቀራፈፋል። ሌላ አማራጭ ከሌለኝ ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ከምመልስ አንድ ጊዜ በሥርዓት ልጻፈው ብዬ ነው።

አቅራቢ መቀየር ካልቻላችሁ እጃችሁ ላይ የሚቀረው መሣሪያ ልኬት ነው። ምን ያህል እንደሚያስፈልጋችሁ፣ ምን ያህል እንደተሸጠላችሁ፣ ምን ያህል እንደደረሳችሁ ማወቅ አለባችሁ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የያዘ ሰው የማያስፈልገውን ፓኬጅ አይገዛም። ቅሬታ ሲያቀርብም «ኔት የለም» ብሎ አይመለስም። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። በተለይ ትልቅ ፓኬጅ መግዛትን ደረጃ 5ን ሳትጨርሱ አታስቡት።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ደብተር፣ ወይም ስልክ ላይ የሚሞላ ሰንጠረዥ።
- የኔትወርክ ኬብል። ላዩ ላይ «ካት 5ኢ» ወይም «ካት 6» የሚል ይሁን። ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ርቀት 1 ጊጋቢት በሰከንድ ያስተላልፋል፤ ለቤት ከበቂ በላይ ነው።
- የኬብል ማስገቢያ ያለው ኮምፒውተር። ከሌላችሁ ለአንድ ሳምንት ተዋሱ።
- የራውተራችሁ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ። ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ይገኛል።
- ውላችሁና ያለፉት ሦስት ወራት ደረሰኞች።
- በስልክ የሚጫን የዋይፋይ መቃኛ መተግበሪያ። ነፃዎቹ ይበቃሉ።
- ሰባት ቀን። የአንድ ቀን ልኬት ምንም አያረጋግጥም።

ደረጃ 1፦ የሚያስፈልጋችሁን በቁጥር አስቀምጡ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። የምታወርዱት ፋይል የሚለካው ደግሞ በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ «20 ሜጋቢት» የተባለ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው 2.5 ሜጋባይት ገደማ ነው። «20 ከፍዬ 2.5 ብቻ ነው የሚመጣው» ብለው የሚናደዱ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። መስመራቸው ግን ጤነኛ ነበር።

አሁን የቤታችሁን ከፍተኛ ሰዓት አስቡ። ሁሉም ሰው ቤት ገብቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ማለት ነው። በግምት እንዲህ ቁጠሩ፦

- ጥራቱ 1080 የሆነ ቪዲዮ፦ 5 ሜጋቢት በሰከንድ
- ጥራቱ 720 የሆነ ቪዲዮ፦ 3 ሜጋቢት
- አራት ኬ ቪዲዮ፦ 15 ሜጋቢት
- የቪዲዮ ጥሪ፦ ከ1.5 እስከ 4 ሜጋቢት፤ ይህ በዳውንሎድም በአፕሎድም ነው
- ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያይ አንድ ስልክ፦ 2 ሜጋቢት ያህል

አንዱ ፊልም እያየ፣ አንዷ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሆና፣ ሁለት ልጆች ስልክ ላይ ቢሆኑ 5 እና 4 እና 4፣ በድምሩ 13 ሜጋቢት ነው። መጠባበቂያ ጨምሩበትና 20 በሉት። ለዚህ ቤት የ100 ሜጋቢት ፓኬጅ መግዛት ማንም ለማይቀመጥበት ወንበር መክፈል ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የዳታ መጠን ነው። ፓኬጃችሁ በጊጋባይት የተገደበ ከሆነ ከፍጥነቱ ይልቅ ይሄኛው ነው ኪስ የሚያራግፈው። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። በቀን ሁለት ሰዓት ካያችሁ በወር 180 ጊጋባይት ነው። ያንኑ በመካከለኛ ጥራት ብታዩት በሰዓት 0.7 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ወሩን ሙሉ 42 ጊጋባይት። ሙዚቃ ግን ቀላል ነው። በ160 ኪሎቢት የሚሰማ ሙዚቃ በሰዓት 72 ሜጋባይት ብቻ ነው።

ይህ ደረጃ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ሻጭ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከትልቁ ፓኬጅ ነው። የራሳችሁ ቁጥር ከሌላችሁ የሱን ቁጥር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 2፦ በእርግጥ አንድ አማራጭ ብቻ እንዳለ አጣሩ

«አንድ ብቻ ነው ያለው» የሚባለው ብዙ ጊዜ በመስመር ለሚገባው ኢንተርኔት ነው። ያው አንዱ አቅራቢ ራሱ ሁለት ሦስት ዓይነት አገልግሎት ሊኖረው ይችላል። የሱን መስመር ተከራይቶ በሌላ ስም፣ አንዳንዴም በቅናሽ የሚሸጥ ድርጅትም ይኖራል። ጎረቤት ጠይቁ። ጣሪያና ግድግዳ ላይ ያሉትን ሳህኖች፣ አንቴናዎችና ኬብሎች ተመልከቱ።

የመዳብ የስልክ መስመር። ፍጥነቱ ከርቀት ጋር ይወድቃል። አዲሱ ዓይነት፣ ቪዲኤስኤል የሚባለው፣ ጥሩ የሚሠራው ከማከፋፈያው ሳጥን 1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቤት ነው። ስለዚህ «እስከ» የምትለዋን ቃል ሳታዩ አትፈርሙ። «ለኔ ቤት ስንት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፋይበር። ካለ እሱን ምረጡ። ርቀት አይጎዳውም፣ እርጥበትም እንደ መዳብ አያስቸግረውም። በተለመደው አሠራር አንዱ መስመር ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል፤ ቢሆንም ለተራ አጠቃቀም ይበቃል።

በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ የቤት ራውተር። ከመግዛታችሁ በፊት የዚያን ኔትወርክ ሲም በስልካችሁ አስገብታችሁ፣ ራውተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሆናችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ምሽት ሞክሩ። በራውተሩ ገጽ፣ ማለትም የራውተሩን አድራሻ በብሮውዘር ስትጽፉ በሚከፈተው ማስተካከያ ላይ፣ የሲግናል ኃይል በቁጥር ይታያል። ከኔጌቲቭ 90 የተሻለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከኔጌቲቭ 110 የባሰ ከሆነ ደካማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ማታ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ችግሩ ማማው ላይ ያለው የተጠቃሚ ብዛት ነው። ለዚህ ውድ አንቴና መግዛት ብር መጣል ነው። አንቴና የሚረዳው ሲግናሉ ራሱ ደካማ ሲሆን ነው።

ሳተላይት። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የቆመው ነው። ምልክቱ ሄዶ እስኪመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ለንባብና ለኢሜይል ይሆናል፤ የቪዲዮ ጥሪ ላይ ግን ሰው ላይ እየተደራረባችሁ ትናገራላችሁ። ሁለተኛው 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚዞረው ነው፤ ስታርሊንክ ከዚህ ወገን ነው። መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ60 ሚሊሰከንድ በታች ነው። ነገር ግን የመሣሪያው መነሻ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ኤሌክትሪክም ከተራ ራውተር በብዙ እጥፍ ይበላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሳተላይት መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ባላችሁበት አገር የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጡ። ፈቃድ በሌለበት ቦታ ዕቃው ሊወረስ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በመልእክትም በኢሜይልም ይሁን፣ ብቻ የተጻፈ ይሁን። የሽያጭ ሠራተኛው የነገራችሁ ውሉ ላይ ከሌለ የለም ማለት ነው።

- የማስተዋወቂያ ዋጋው መቼ ያበቃል? ከዚያ በኋላስ ስንት ይሆናል?
- «ያልተገደበ» ሲባል ጣሪያ አለው? ጣሪያው ሲታለፍ ፍጥነቱ ወደ ስንት ይወርዳል?
- አፕሎዱ ስንት ነው?
- ውሉ ለስንት ወር ነው? ቀድሜ ብወጣ ቅጣቱ ምንድን ነው?
- ራውተሩ የኔ ነው ወይስ ኪራይ? የራሴን ማስገባት እችላለሁ?
- መስመሩ ሲቋረጥ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ተመላሽ ይታሰብልኛል?
- ለጎረቤት ማጋራት ይፈቀዳል?

ከሁሉም የሚጎዳው ሁለተኛው ነው። ጣሪያውን ካለፋችሁ በኋላ ፍጥነቱ 1 ሜጋቢት ቢሆን ወሩ ሳያልቅ ኢንተርኔቱ አለቀ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ የሚደርሳችሁን ለሰባት ቀን ለኩ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ነው።

1. ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙ። የኮምፒውተሩን ዋይፋይ አጥፉ። በዋይፋይ የተለካ ልኬት የግድግዳችሁን ውፍረት ጭምር ይለካል፤ አቅራቢውም በዚህ ምክንያት ቅሬታችሁን ይጥልባችኋል።

2. ሌሎቹን ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ከኔትወርኩ አስወጡ። አለዚያ የምትለኩት የተረፈውን ነው።

3. የፍጥነት መለኪያ ክፈቱ። ስፒድቴስት ወይም ፋስት ዶት ኮም ይሆናል። ሁለቱንም ብታደርጉ የተሻለ ነው፤ አንዱ መለኪያ አጠገባችሁ ካለ ሰርቨር ጋር ብቻ ለክቶ የተጋነነ ውጤት ሊያሳያችሁ ይችላል።

4. በቀን ሦስት ጊዜ ለኩ። ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እና ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ። ሦስተኛውን በፍጹም አትዝለሉ። የመስመሩ እውነተኛ መልክ የሚታየው ሰው ሁሉ ሲጠቀም ነው።

5. እያንዳንዱን እንዲህ መዝግቡ፦ «ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡30፣ ዳውንሎድ 6.1፣ አፕሎድ 1.8፣ ፒንግ 74፣ በኬብል።» ፒንግ ማለት ምልክቱ ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ በሚሊሰከንድ ይለካል። የስክሪኑን ፎቶም አስቀምጡ።

6. መስመሩ ሲቋረጥ የጠፋበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ጻፉ። ራውተሩ ላይ የትኛው መብራት እንደጠፋ ወይም እንደቀላም ጨምሩ። ቴክኒሻን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ከተሸጠላችሁ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ የተለመደ ነው፤ አትጣሉበት። ጠዋት 19፣ ምሽት 5 የሚል ከሆነ ግን መስመሩ ወይም አካባቢው ተጨናንቋል። ጠዋትም ማታም እኩል ዝቅ ያለ ከሆነ የሚጠረጠረው ኬብሉ፣ መጋጠሚያው ወይም የተሳሳተ ፓኬጅ መመዝገቡ ነው።

ጥፋቱ የቤታችሁ ይሁን የውጭው ለመለየት የፒንግ ትእዛዝን ተጠቀሙ፤ በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ping ብላችሁ ቀጥሎ አድራሻውን መጻፍ ነው። መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ ራውተር ላኩ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ቀጥሎ ወደ 8.8.8.8 ላኩ፤ ይህ ውጭ ያለ የጉግል አድራሻ ነው። ወደ ራውተሩ ያለው ራሱ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ። ወደ ራውተሩ ያለው ፈጣን ሆኖ ሁለተኛው ብቻ ከጠፋ ችግሩ ከበር ውጭ ነው፤ ለደረጃ 8 ማስረጃ አገኛችሁ።

እኔ ራሴ ለወራት በየሳምንቱ እየደወልኩ «እናያለን» ብቻ ስባል ቆይቼ ነበር። የሰባት ቀን ሰንጠረዥ ከላክሁ በኋላ ግን ቴክኒሻን መጣ። ከቤቴ ውጭ ያለው የመስመር መጋጠሚያ ውሃ ገብቶት ተገኘ።

ደረጃ 5፦ ቤት ውስጥ የሚባክነውን አስቁሙ

ከሚያማክሩኝ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ላይ ያልቃል። ምንም ሳይገዙ ነው የሚፈቱት።

ቦታ። ራውተሩን ወደ ቤቱ መሃል አምጡት፤ ከመሬትም ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ከፍ አድርጉት። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ አጠገብ፣ ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አውጡት። ብረት፣ ትልቅ መስታወትና የውሃ ታንከር ሞገዱን ይመልሱታል ወይም ይውጡታል። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሆነ ሲበራ ባለ 2.4ቱን ዋይፋይ ይረብሻል።

ባንድ (የዋይፋዩ የሞገድ ክልል)። ራውተራችሁ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ካለው ለይታችሁ ስም ስጧቸው። 5 ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ አይወድም። ለአንድ ክፍል ውስጥ እሱን ተጠቀሙ። 2.4 ሩቅ ይደርሳል፤ ግን የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ እዚያ ነው ያለው።

ቻናል። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በስልካችሁ መቃኛ ጎረቤት የትኛው ላይ እንደተከማቸ አይታችሁ ባዶውን ምረጡ። ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ አድርጉት። ሰፋ ማድረግ ጥሩ ይመስላል፤ በተጨናነቀ ሰፈር ግን በጎረቤት ዋይፋይ መረበሽ ነው ትርፉ።

ኬብል። ቴሌቪዥንና ዴስክቶፕ ከቦታቸው ስለማይንቀሳቀሱ በኬብል አገናኟቸው። አየሩ ለስልኮች ይለቀቃል። የሲግናል ማራዘሚያ ከመግዛት በፊት ኬብል መዘርጋት ይቻል እንደሆነ እዩ። ርካሾቹ ማራዘሚያዎች በአንድ ቻናል ተቀብለው በዚያው ስለሚልኩ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርዱታል።

ደኅንነት። በራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ክፈቱና አንድ በአንድ ቁጠሩ። የማታውቁት ካለ ፓስወርዱን ለውጡ። የዋይፋዩን መቆለፊያ ዓይነት ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 አድርጉ። ደብሊውፒኤስ የሚባለውን በአዝራር የማገናኛ ዘዴ ዝጉት፤ ስምንት አሃዝ ያለው ቁጥሩ በሙከራ እንደሚሰበር ከ2011 ጀምሮ ይታወቃል።

ወረፋ። አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲልክ የሌላው ጥሪ ይቆራረጣል? ፒንጉን ቤቱ ጸጥ ሲል አንድ ጊዜ፣ እየወረደ ሳለ አንድ ጊዜ ለኩ። ከ20 ተነሥቶ 300 ከደረሰ መስመሩ አንሶባችሁ ላይሆን ይችላል፤ ራውተሩ ወረፋ እያከማቸ ነው። ራውተሩ ኤስኪውኤም የሚባል ማስተካከያ ካለው ክፈቱትና ዳውንሎዱንም አፕሎዱንም ከለካችሁት 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ገድቡ። ትንሽ ፍጥነት ትለቃላችሁ፤ በምትኩ ጥሪው ይስተካከላል። ራውተራችሁ ይህ ከሌለው በኦፕንደብሊውአርቲ ሶፍትዌር የሚሠራ አሮጌ ራውተር ይህን ያደርጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የኪራይ ራውተር ላይ ሶፍትዌር አትቀይሩ። የራሳችሁን ስታስገቡም የመገናኛውን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ከአሮጌው ላይ ሳትገለብጡ እንዳታጠፉት።

ደረጃ 6፦ ፍጆታውን ቀንሱ

በዳታ መጠን ለምትከፍሉ ብቻ ነው፤ ያልተገደበ ያላችሁ ዝለሉት። የቪዲዮ ጥራትን በየመተግበሪያው ወደ 480 ወይም 720 አውርዱ። በትንሽ ስክሪን ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር አድርጉ። የፎቶና ቪዲዮ ማስቀመጫው በራሱ የሚልከውን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ፍቀዱለት። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ መስመሩን «የሚለካ ግንኙነት» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። እንዲህ ሲሆን ትልልቅ ማሻሻያዎችን ሳይጠይቅ አብዛኛውን አያወርድም።

ደረጃ 7፦ ወጪውን ለመቀነስ ተነጋገሩ ወይም ተጋሩ

አሁን ቁጥሮቹ እጃችሁ ላይ ናቸው። ደውሉና በትሕትና፣ ግን በግልጽ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንድ፣ ወደ ትንሹ ፓኬጅ መውረድ። ሁለት፣ ሳትጠይቁ የተጨመሩትን ማስወጣት፤ የማትጠቀሙበት የስልክ መስመር፣ የቴሌቪዥን ጥቅል፣ የራውተር ኪራይ። ሦስት፣ ለተቋረጠባችሁ ሰዓት ተመላሽ። የራውተር ኪራዩን በ12 አባዙትና ከአዲስ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ራሱን ይመልሳል።

ያም ካልበቃ መጋራት አለ። ለሦስት ቤት አንድ ደህና መስመር ከሦስት ደካማ መስመር ይሻላል፤ ሁሉም በአንድ ሰከንድ ስለማይጠቀም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ውሉ መፍቀዱን አረጋግጡ። ካልፈቀደ መስመራችሁ ሊቋረጥ ይችላል።
2. ሒሳቡ በማን ስም እንደሚሆን፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚከፍል፣ አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ወዳጅነት የሚበላሸው በፍጥነት ሳይሆን በክፍያ ነው።
3. ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ ኔትወርክ ፍጠሩ። የአንዱ ቤት ማተሚያና ፋይል ለሌላው እንዳይታይ።
4. ለእያንዳንዱ ቤት የፍጥነት ጣሪያ አስቀምጡ። አንድ ቤት ሁሉንም እንዳይወስድ ነው።
5. በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከሆነ ኬብል ዘርጉ። በተለያየ ሕንፃ መካከል ከሆነ ባለ ፋይበር ኬብል ወይም በአየር የሚያገናኝ ጥንድ አንቴና ተጠቀሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ተራውን የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ከቤት ውጭ አትዘርጉ። የኤሌክትሪክ መሬት መስመራቸው (ኧርዝ) የተለያየ ስለሚሆን ኤሌክትሪክ በኬብሉ ሊሄድ ይችላል። መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅም ኃይሉ በዚያው ኬብል ቤት ይገባል። መሣሪያ ብቻ አይደለም የሚቃጠለው፤ ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

ሌላም አስቡበት። ጎረቤት በእናንተ መስመር የሠራው ጥፋት መጀመሪያ የሚጠየቅበት ስሙ ውሉ ላይ ያለው ሰው ነው። ከማታምኑት ሰው ጋር አትጋሩ።

ደረጃ 8፦ ቅሬታውን በማስረጃ አቅርቡ

ስልክ ብቻ አትደውሉ። ጻፉ። እንዲህ ያለ አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦

«የደንበኛ ቁጥሬ ይህ ነው። የተመዘገብኩት ለ20 ሜጋቢት ነው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በኬብል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። በሰባቱም ምሽት ከ7 ሜጋቢት በላይ አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ ተቋርጧል፤ ሰዓቱን አያይዣለሁ። ራውተሬና የቤቴ ኬብል ተፈትሸዋል። መስመሩ እንዲፈተሽልኝና ላላገኘሁት አገልግሎት ተመላሽ እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ።»

የቅሬታ ቁጥር ሳትቀበሉ አትለያዩ። ያናገራችሁን ሰው የሥራ ክፍልና ቀኑን መዝግቡ። ውሉ ላይ ያለው የመልስ ጊዜ ካለፈ ያንኑ ደብዳቤ ከቁጥሩ ጋር ለአገሩ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ላኩ። ተቆጣጣሪዎች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለአቅራቢው አመልክተሃል ወይ?» ነው። ያለ ቅሬታ ቁጥር ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል።

ደረጃ 9፦ በጋራ ጠይቁ

አንድ ቤት የሚያቀርበው ጥያቄ ይረሳል። የሃምሳ ቤት ዝርዝር ግን ለአቅራቢው ገበያ ነው። መስመር የመዘርጋት ወጪ ለአንድ ቤትም ለሃምሳ ቤትም ቁፋሮው ተቀራራቢ ስለሆነ ቁጥሩ ሲበዛ ሒሳቡ ይለወጣል። ስም፣ የቤት ቁጥርና «ይህ ፍጥነት በዚህ ዋጋ ቢመጣ እገባለሁ» የሚል ፊርማ ሰብስቡ። ለነባሩ አቅራቢም፣ አጠገባችሁ ላለው ሰፈር ለሚሸጥ ሌላ ድርጅትም፣ ለሞባይል ኩባንያም ላኩት። ዝርዝሩን ለተቆጣጣሪውም አስገቡ።

ማንም ካልመጣ ነዋሪው ራሱ የሠራበት ቦታ አለ። በእንግሊዝ ላንክሻየር ገጠር ቢፎርአርኤን የሚባለው የማኅበረሰብ ድርጅት ፋይበሩን የዘረጋው ነዋሪዎቹ በራሳቸው መሬት ቦይ እየቆፈሩ ነው። በስፔን ካታሎኒያ ደግሞ ጊፊኔት የተባለው የጋራ ኔትወርክ ከ2004 ጀምሮ ከቤት ወደ ቤት እየተቀጣጠለ አድጓል። ይህንን መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን ከተቆጣጣሪው በጽሑፍ አረጋግጡ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- አዲስ ውድ ራውተር ገዝቶ መስመሩ እንዲፈጥን መጠበቅ። ራውተር የሚያሰራጨው የገባለትን ነው።
- ጠዋት ለክቶ «ደህና ነው» ማለት።
- ውሉ የሚያበቃበትን ቀን መርሳት። ብዙ ውል በራሱ ይታደሳል። ከማብቂያው 40 ቀን በፊት ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፤ የዋጋ ንግግር የሚሰማው ያኔ ነው።
- ቴክኒሻን ሲመጣ ቤት አለመገኘት። ቅሬታው «ተፈትቷል» ተብሎ ይዘጋል። ከሄደ በኋላም በዚያው ምሽት ለኩ፤ ካልተስተካከለ በማግስቱ በዚያው የቅሬታ ቁጥር መልሳችሁ ክፈቱት።
- አዲስ አማራጭ እንደመጣ አሮጌውን መስመር በዚያው ቀን መዝጋት። አዲሱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ምሽት ምሽት ተለክቶ እስኪያልፍ ድረስ ሁለቱንም ይዛችሁ ቆዩ። ስትዘጉም የመዝጊያ ማረጋገጫና የራውተር መመለሻ ደረሰኝ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ ከወራት በኋላ ላልመለሳችሁት ዕቃ ተብሎ ሒሳብ ሊመጣ ይችላል።